ከዳዊት ድግስ እስከ ዓርብ መልእክት

ባሕር ዳር ውስጥ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የወላጅ ስልክ ዕረፍት የለውም። መልእክቱ የሚመጣው ከልጁ ትምህርት ቤት የቴሌግራም ቻናል ነው፤ የሳምንቱ የቤት ሥራ፣ የሰኞው የሂሳብ ፈተና፣ ባለቤት ያጣ ሰማያዊ ሹራብ፣ የሦስተኛ ክፍል ልጆች ችግኝ ሲያጠጡ የተነሡት ፎቶ፣ ከሁሉም ግርጌ ደግሞ የወር ክፍያ ላልከፈሉ የተጻፈ ማሳሰቢያ። አንዱ "ሹራቡ የኛ ነው" ብሎ ይጽፋል፤ መጻፍ የሚያደክማት ሌላዋ በድምፅ "እግዚአብሔር ይስጥልን መምህር" ትላለች።

ነገሩ የስልክ ዘመን ፈጠራ ይምሰል እንጂ በጣና ዳርቻ ትምህርት ቤትና ቤተሰብ ወሬ መለዋወጥ ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን የተለወጠው የወሬው መንገድ ብቻ አይደለም፤ ወሬው ራሱም ተለውጧል። መጀመሪያ የምሥራች ነበር፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ክስ ሆነ።

የጥንቱ ትምህርት ቤት አጥር አልነበረውም። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረትም ይሁን ባሕር ዳር ጊዮርጊስ፣ ንባብ ቤት ማለት የኔታ ከዛፍ ሥር ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ተቀምጠው፣ ልጆች ዙሪያቸውን ከበው የሚጮኹበት ቦታ ነው። ፊደል ይቆጠራል፤ አቡጊዳ ይከተላል፤ ከዚያ ፊደለ ሐዋርያ፣ ወንጌለ ዮሐንስ፣ መጨረሻ ላይ ዳዊት። ሁሉም ጮክ ተብሎ ነው። ውኃ ልትቀዳ የወረደች እናት ልጇ ከፊደል ወደ አቡጊዳ መሻገሩን በጆሮዋ ትሰማለች። ሞፈርና ቀንበር በማያውቀው በዘጌ ጫካ ቡናውን ሲለቅም የዋለ አባትም ቢሆን ልጁ የት ላይ እንደተንተባተበ ከጎረቤት መስማቱ አይቀርም። ማስታወሻ ጽፎ ቤት መላክ ማን ያስፈልገው ነበር?

ዳዊት ሲደገም ግን ወሬው በይፋ ይነገራል። 150ውን መዝሙር ወጥቶ የጨረሰ ልጅ ቤተሰብ ጠላ ይጠምቃል፣ እንጀራ ይጋግራል፣ ጎረቤት ይጠራል። የኔታም እንደ ቤቱ አቅም ስጦታቸውን ተቀብለው ይመርቃሉ። ይህ ድግስ በኋላ ከመጣው የውጤት ካርድ የሚለይበት ነገር አለ፤ "ስንተኛ ወጣ?" የሚል ጥያቄ አያውቅም። ፈጣኑ ልጅ በዓመት፣ ዘገምተኛው በሦስት ዓመት ሊጨርስ ይችላል፤ ጠላው ግን ያው ጠላ ነው። የዘመናዊው ትምህርት ቤት ሰዎች ስለ ቤተ ክህነት ትምህርት ሲያወሩ አለንጋውንና በቃል መሸምደዱን ያነሣሉ፤ ልክ ናቸው። ይህን ድግስ የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው።

ከንባብ ቤት ያለፈ ተማሪ ወሬ ሌላ ጣጣ ነው። ዜማ ወይም ቅኔ የጠማው ልጅ ብዙውን ጊዜ ሳይሰናበት ይጠፋል። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ለቅኔ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ፣ ለድጓ ወደ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ ይሄዳል፤ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ፣ ከመንደር ውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ ይለምናል። እናቱ በሕይወት መኖሩን የምትሰማው ከዓመታት በኋላ፣ ከነጋዴ ወይም ለንግሥ ከመጣ መንገደኛ ነው። ከዚህ ሥጋት ያመለጡት በሐይቁ ምሥራቅ፣ ፎገራ ናበጋ የተወለዱት አለቃ ገብረ ሐና ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ያፈለቁትን የአቋቋም ስልት ያስተማሩት የገዛ ልጃቸውን ነውና። ልጁ ተክሌ ደብረ ታቦር ላይ አስተማረበት፤ ስልቱም በስሙ "ተክሌ" ተብሎ ቀረ። ንቅናቄው ጣና ዳር ነፋስ ከሚያወዛውዘው ደንገል የተቀዳ ነው የሚል አፈ ታሪክም አለው። የመቋሚያው ቀልደኛ አለቃ ስለ ልጃቸው ትምህርት ወሬ መጠበቅ አላስፈለጋቸውም።

በሐይቁ ዳር ወሬ የሚሄደው በሳምንት ነው። ቅዳሜ የባሕር ዳር ትልቁ ገበያ ይቆማል። የዘጌ ሰዎች እንጨት የጫነ ታንኳ እየቀዘፉ ይመጣሉ፤ ከደንገል የሚታሰረውን ታንኳ በመሥራት ደግሞ ወይጦዎችን የሚስተካከል የለም። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሞተር ጀልባ ሐይቁ ላይ አስገባ፤ ከነፃነት በኋላም ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላንና ደልጊን እየነካ ጎርጎራ የሚደርሰው ጀልባ በሳምንት አንድ ቀን የሚጠበቅ እንግዳ ሆነ። ደቅ ደሴት ላይ ለተመደበ መምህር ጠመኔውም፣ ደብዳቤውም፣ የዝውውር ወሬውም ከውኃው ሌላ መንገድ አልነበራቸውም።

ምኒልክ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ በ1900 ገደማ፣ ተፈሪ መኰንን በ1917 ሲከፈቱ ባሕር ዳር በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰበሰበች የሐይቅ ዳር መንደር ነበረች። መንግሥት የከፈተው ትምህርት እዚህ የጠነከረው ጣሊያን በ1933 ከተባረረ በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬ የሚያስተምረው አፄ ሠርፀ ድንግል ትምህርት ቤት ከከተማዋ ቀደምቶች ይቆጠራል። ከአዲሱ ትምህርት ቤት ጋር ደወል መጣ፣ ስም ጥሪ መጣ፣ መዝገብ መጣ፤ ከሁሉ በላይ ግን ካርድ መጣ።

ካርዱን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ከሁለት የታጠፈ ጠንካራ ወረቀት ነው። ፊቱ ላይ የትምህርት ቤቱ ስም፣ የተማሪው ስም ከነአያቱ፣ ዕድሜ፣ ክፍል። ሲገለጥ ትምህርቶቹ በግራ ተደርድረው አንደኛና ሁለተኛ መንፈቀ ዓመት፣ ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ። ከሥር የቀረበት ቀን ብዛትና ጠባይ። ጀርባው ላይ የክፍል ኃላፊው አስተያየት በአንድ መስመር ይሰፍራል፤ "ጎበዝ ነው፣ በዚሁ ይቀጥል" ወይም "ወሬ ያበዛል"። ቀጥሎ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፊርማ ቦታ ይመጣል። አንድ ዓመት ሙሉ የኖረ ልጅ እዚህ ወረቀት ላይ ሲጠቃለል የሚተርፈው ይኼ ነው። መምህሩ ማታ በኩራዝ ሮስተር ሲደምር፣ ሲያካፍል፣ ደረጃ ሲያወጣ ያመሸበት ድካም ግን አይታይም፤ ስድሳና ሰባ ልጅ ላለው ክፍል በእጅ ደረጃ ማውጣት የሳምንት ሥራ ነበር።

ችግሩ ወረቀቱ የተላከው ፊደል ወዳልቆጠረ ቤት መሆኑ ነው። ተቀባዩ ማንበብ ስለማይችል መልእክተኛው ራሱ አንባቢ ሆነ፤ ተከሳሹ የክሱን ወረቀት ለዳኛው የሚያነብበት ችሎት ማለት ነው። 42ን 72 አድርጎ ያነበበ ልጅ የትም መንደር ይገኛል። እንግዲህ አባቶችም ዘዴያቸውን አልተዉም፤ ፊደል ባይቆጥሩ ቀይ ቀለም ያውቃሉ። ከ50 በታች የሆነ ውጤት በቀይ እንደሚጻፍ የሰማ አባት ካርዱን ገልጦ ቀዩን ይቆጥራል፤ ከዚያ ሌላውን ለማንበብ የሚቸኩል የለም። ያው ልጅ ደግሞ ለመንደሩ ደብዳቤ አንባቢና ጸሐፊ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣውን የዘመድ ደብዳቤ ከነረጅም ሰላምታው ያነባል፤ መልሱንም እየተነገረው ይጽፋል። ትምህርት ቤቱ ለቤተሰብ የሰጠው የመጀመሪያ የዜና አገልግሎት ካርዱ ሳይሆን ይህ ልጅ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከካርዱ ቀጥሎ ዝነኛው መልእክት በቃል የሚላከው ነው፤ "ወላጅ ይዘህ ና!" ኢትዮጵያ ውስጥ የተማረ ሰው ይህን ሳይሰማ አላደገም። ያረፈደ፣ የተደባደበ፣ መስኮት የሰበረ፣ ደብተር የረሳ፤ ሁሉም መልሱ ወላጅ ነው። እናት ጠላዋን ወይም ገበያዋን ትታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ዩኒት ሊደር ቢሮ በር ላይ ትቆማለች፤ ሳትጠየቅም ይቅርታ ትጀምራለች። ቤት የሚጠብቀውን የፈራ ልጅ ደግሞ ወላጅ ይከራያል። የሰፈር ሊስትሮ፣ ደላላ፣ ዘበኛ በጥቂት ሳንቲም "አጎቱ ነኝ" ብሎ ይቀርባል፤ ጎበዝ ተዋናይ ከሆነ መምህሩ ፊት ልጁን በጥፊ ሁሉ ያቀምሰዋል። መምህራን ይህን አያውቁም ነበር ማለት አይቻልም፤ ብዙዎቹ ራሳቸው በተማሪነታቸው አጎት ተከራይተዋል።

እዚህ ላይ ፍርድ መስጠት ካስፈለገ፣ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ቤተሰብን መጥራት የተማረው ለቤተሰብ መንገርን ከመማሩ በፊት ነው። ቤት የደረሰ ወሬ ሁሉ ጥፋት ስለሆነ "ከትምህርት ቤት ተልኮ ነው" ሲባል የእናት ሆድ ይባባል። ልጁ ዛሬ ደርዝ ያለው ዓረፍተ ነገር ጻፈ ብሎ ወላጅ ያስጠራ መምህር ቢኖር ኖሮ ሰፈሩ ሁሉ ይደነግጥ ነበር።

ሌላው የመጥሪያ ምክንያት ገንዘብ ነው። በ1950ዎቹ ማብቂያ በስዊድን ዕርዳታ የተጀመረው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግንባታ በየአውራጃው ሲስፋፋ የወጪውን ድርሻ ኅብረተሰቡ እንዲያዋጣ ይጠየቅ ነበር። ስብሰባው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ አጀንዳው ቆርቆሮ፣ ምስማርና መዋጮ። በነዚያው ዓመታት ባሕር ዳር ራሷ ሌላ ከተማ እየሆነች ነበር። በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ሥራ ጀመረ፤ በሶቪየት ትብብር የቆመው ፖሊቴክኒክ በ1955 ተከተለ፤ በ1964 ደግሞ የፔዳጎጂ አካዳሚ ተመሠረተ። ሕዝቡ "ፖሊ" እና "ፔዳ" ብሎ ያሳጠራቸው እነዚህ ሁለት ተቋማት በ1992 ተዋሕደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ፔዳ ለመምህራን ማሠልጠኛ መምህራንን፣ ለትምህርት ቤት ሱፐርቫይዘርን፣ ለጎልማሶች ትምህርት ባለሙያን ያወጣ ነበርና ስለ ትምህርት ቤትና ስለ አካባቢው ሕዝብ ግንኙነት በክፍል ውስጥ ከተማሩ የአገሪቱ ሰዎች ብዙዎቹ ያለፉት በዚህ ግቢ ነው። ፋብሪካው ያመጣው ወላጅ ደግሞ በሺፍት የሚኖር ነው፤ ማታ ሲሠራ አድሮ ጠዋት የሚተኛ አባት የጠዋት ስብሰባ አይመቸውም።

ደርግ ሲመጣ የግል ትምህርት ቤቶች ተወረሱ፣ በአዋጅም የትምህርት ቤት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ወላጅ ከቀበሌ ተወክሎ ከዳይሬክተሩ ጎን ተቀመጠ። ስብሰባው በዛ፣ መፈክሩም በዛ። ከዚያ ሁሉ የረጋ ለውጥ ያመጣው ሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ይመስላል። በ15 ቋንቋዎች የተካሄደውና በቀጣዩ ዓመት ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘው ይህ ዘመቻ ነገሩን ገለበጠው፤ ልጅ ጠመኔ ይዞ እናቱን አስተማረ። ማታ ማታ፣ ሥራ ሲበርድ፣ አያቶች ስማቸውን ጻፉ። ዘመቻው ሲበርድ ብዙዎቹ የተማሩትን ረስተዋል፤ ስምን መጻፍ ግን አይረሳም። ካርድ ላይ ከጣት አሻራ ይልቅ ፊርማ መታየት ጀመረ፤ 42ም 42 ሆኖ መነበብ።

የትምህርት ቤቱ ግቢ ደግሞ የራሱ ዜና ነበረው። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ርእሰ መምህሩ ሰልፉ ፊት ይናገራል፤ ጥፍር ይታያል፣ ያረፈደ ይለያል። በዕረፍት ሰዓት ደግሞ ሚኒ ሚዲያ አለ። ሁለት ልጆች፣ አንድ ማይክራፎን፣ ዛፍ ላይ የታሰረ የሚያጉረመርም ድምፅ ማጉያ፤ ዜናውን ከሬዲዮ ወይም በ1980ዎቹ ባሕር ዳር ላይ መዘጋጀት ከጀመረው ከሳምንታዊው "በኩር" ይገለብጣሉ፣ ቀልድና እንቆቅልሽ ይጨምሩበታል፣ የተማሪ ግጥም ያነባሉ። ብዙ ጋዜጠኛ "የጀመርኩት ሚኒ ሚዲያ ነው" ሲል የሚሰማው በምክንያት ነው። ችግሩ ድምፁ ከአጥሩ አለማለፉ ነው።

ፈረንሳዊው መምህር ሴለስተን ፍሬኔ ይህንኑ አጥር ያለፈው በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳንባው ቆስሎ ረጅም መናገር ያልቻለው ይህ የገጠር መምህር ትንሽ ማተሚያ ገዛ፤ ልጆቹ ስለ ሰፈራቸው የጻፉትን ራሳቸው ፊደል እየለቀሙ አተሙት፤ ሩቅ ብሬታኝ ካለ ሌላ ትምህርት ቤት ጋርም ተለዋወጡ። ወሬው ስለ ቀንድ አውጣ፣ ስለ ወይራና ስለ ሸማኔ ነበር፤ ክስ የለበትም። ጣና ዳር ማተሚያ ያለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማሰብ ቅንጦት ነው። የደቅ ልጅ ስለ ታንኳና ስለ ጉማሬ ጽፎ ባሕር ዳር ላለ የሽምብጥ ሰፈር ተማሪ እንዲልክ ለማድረግ ግን እስክሪብቶና የሳምንቱ ጀልባ ይበቁ ነበር።

የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ትምህርት ቤቱን ወደ ወረዳና ወደ ወላጅ አቀረበው። ክፍያ ቀረ፤ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለ ልጅ ሳይወድቅ በተከታታይ ምዘና እንዲያልፍ ተወሰነ። የወላጅ መምህር ህብረትና የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ መጡ፤ ወመህ እና ቀትስቦ የሚሉት አጽሕሮቶች የገጠር ገበሬ አፍ ውስጥ ሳይቀር ገቡ። በኋላ ተማሪው ሲጨመር ወመህ "ወተመህ" ሆነ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የትምህርት ጥራት ማስጠበቂያ ፓኬጅ ስኩል ግራንት የተባለውን የትምህርት ቤት ድጎማ ይዞ ሲመጣ ደግሞ የወጪው ዝርዝር ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ጀመረ። ይህን ያህል ለጠመኔ፣ ይህን ያህል ለኳስ። ለወላጅ የተለጠፈ ቁጥር ትንሽ ነገር አይደለም፤ ከዚያ በፊት መዋጮ ይሰጥ ነበር እንጂ መልሱ አይታይም ነበር።

ዓመቱን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። የወላጆች ቀን ይከበራል፤ ድራማ፣ መዝሙር፣ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ለወጡት ደብተር ይሸለማል። ካርዱን የተቀበለ ሁሉ ግን ወደ ቤት አይሮጥም። "ሰኔ ሠላሳ እንገናኝ" የተባባሉ ልጆች የዓመቱን ቂም የሚያወራርዱት መምህር በማይቀጣበት በዚያ ከሰዓት ነውና፣ ከአጥሩ ጀርባ ሌላ ትርኢት አለ።

የግል ትምህርት ቤቶች ከ1980ዎቹ ወዲህ ሲመለሱ ኮሙኒኬሽን ቡክ የሚባለውን ደብተር ይዘው መጡ። አጠቃቀሙ ቀላል ነው፤ መምህሯ የዕለቱን ጉዳይ ትጽፋለች፣ እናት አንብባ ትፈርማለች፣ ካስፈለገም መልስ ትጽፋለች። "ምሳውን አልጨረሰም።" "ትናንት ትኩሳት ነበረው፣ አይዞህ በሉልኝ።" ይህ ደብተር ከካርድ የሚበልጠው ወላጅ የሚጽፍበት መስመር ስላለው ነው። እነዚሁ ትምህርት ቤቶች የኬጂ ምረቃንም አመጡ፤ የስድስት ዓመት ልጅ ጋዋን ለብሶ፣ ቆብ ደፍቶ ፎቶ ይነሣል፤ ቤት ውስጥ ዶሮ ተሠርቶ ጎረቤት ይጠራል። ወጪው የሚያማርራቸው ብዙ ናቸው፤ አያቶች ግን ብዙም አይገርማቸውም፤ ዳዊት ሲደገም ተደግሶ ያውቃሉ።

መጋቢት 7 ቀን 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ደብተሩ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቴሌግራም ሆነ። የመልመጃ ወረቀት በፎቶ ተላከ፤ የልጅ መልስም በፎቶ ተመለሰ። ትምህርት ሲከፈት ቻናሉ አልተዘጋም፤ የዓርቡ መልእክት ልማድ ሆኖ ቀረ። በ2015 አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፉ ሳይታተም ቀድሞ ሲደርስም ወላጅ የልጁን መማሪያ መጽሐፍ ያገኘው በዚሁ መንገድ፣ በፒዲኤፍ ነው። ስልክ የሌለው ቤት ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ ዘጌና ደቅ ላይ ደግሞ ኔትወርኩ ራሱ እንደ ደመናው ነው።

ከዚያ የሐምሌ 2015 ማብቂያ መጣ። በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ፤ እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ፣ የተጎዱም አሉ። ባሕር ዳር ላይ በተከፈቱት ውስጥ ያሉ መምህራን "ነገ ትምህርት አለ ወይስ የለም?" ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጡበት ቻናል አልነበራቸውም፤ ስልክ መደወልና በልጁ ደብተር ላይ መጻፍ ብቻ ቀረ። ኢንተርኔቱ በከተሞች ሲመለስ መልእክቶቹም ተመለሱ። አሁን አንደኛ ደረጃ የሚባለው በ6ኛ ክፍል ያበቃል፤ ክልላዊ ፈተናም እዚያ ይሰጣል፤ ውጤት ከካርድ ቀድሞ በስልክ ይታያል። በነሐሴ መጨረሻ ምዝገባ ሲጀመር የከተማው ወላጅ በቴሌግራም ይጠራል፤ የገጠሩ መምህር ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሞ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ያለፈው ዓመት ካርድም አይረሳ ብሎ ይናገራል።